የማሳኖ አራተኛ ሞት

ማሳኖ መሞቷን ያወቀችው ማክሰኞ ዕለት ረፋዱ ላይ ነው፤ ያውም ከገዛ መቃብሯ።

የገዛ መቃብሯ አልኩ እንጂ መቃብሩስ የኦሺኖ ነው። ከኪዮቶ በስተምዕራብ፣ ትራሙ ከሚቆምበት ዳገት በላይ ባለችው ትንሽ ቤተ መቅደስ ጓሮ፣ ከቀርከሃው ሥር፣ ሽበት የወረሰው አንድ ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ኋላ ቀጫጭን ሳንቃዎች ተተክለዋል፤ በየሳንቃው ላይ ኦሺኖን ሆና ተጫውታ ያለፈች ሴት ስም ተጽፏል። ሁለቱን ሳንቃዎች ማሳኖ ከድሮ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቆባቸው ጠቁረዋል። ሦስተኛው ግን ትናንት የተላገ ይመስላል፤ እንጨቱ ገና ይሸታል። «ደግሞ ማን ሄደች?» ብላ መነጽሯን ካፎቱ አወጣችና ጎንበስ አለች። የተጻፈው የራሷ ስም ነው።

«ኧረ ጉድ! በቁሜ ቀበሩኝ!» አለች። የሚሰማት ሰው አልነበረም።

የኦሺኖን ታሪክ እዚያ አገር የማያውቅ የለም። የእንጨት ጽዋ እየሠራ ጥቁር ሙጫ የሚቀባ ባል ነበራት። አንድ ሀብታም ነጋዴ ልጁን ሊድርለት ሲል ባልየው ታማሚ ሚስቱን ጎተራ ውስጥ ከተተና በሩን በጭቃ ለሰነባት። ሰባት ቀን በጥፍሯ ስትቧጥጥ ጎረቤቱ ሁሉ «አይጥ ነው» አለ፤ ጎረቤት መቼም እንዲህ ነው። ሞተች። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ባልየው ማታ የቀባው ጽዋ ጠዋት ሲታይ አምስት የጣት አሻራ ይገኝበት ጀመር። ቢጠርግ፣ ደግሞ ቢቀባ፣ በነጋታው ያው አምስት ጣት ነው። የሱን መጨረሻ አልነግራችሁም፤ እያንዳንዱ ፊልም የራሱን መጨረሻ ነውና የሚሰጠው።

ፊልም ሠሪዎች ይቺን ታሪክ ይወዷታል። በሙቀቱ ወራት፣ ሙታን ቤታቸውን ሊጎበኙ ይመጣሉ በሚባልበት ሰሞን፣ ሰው ፈርቶ ትንሽ እንዲበርደው ያሳዩታል። እስከዚያ ዓመት ድረስ አምስት ጊዜ ተሠርታለች፤ ከአምስቱ ሦስቱን የተጫወተችው ማሳኖ ነች። በመጀመሪያው፣ ፊልም ድምፅ ሳይኖረው፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ተራኪው ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ በሷ ፈንታ ያለቅስላት ነበር። ያ ፊልም በጦርነቱ ተቃጠለ። በሁለተኛው ድምፅ መጣ፤ የበሩን ቧጨራ ራሴ ካልሠራሁ ብላ ሁለት ጥፍሯ ተነቀለ። ሦስተኛው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። ያሸነፉት ሰዎች ሳንሱር «በቀል የሚባል ነገር አንወድም» ስላለ፣ ኦሺኖ ባሏን ይቅር ብላ በጭጋግ ውስጥ ስትሄድ ያልቃል። «ይቅር ባይ ሙት ማን ይፈራል?» አለና ሰው እያዛጋ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማሳኖን የጠራት የለም። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት።

ሌላ ሥራስ አትሉም? ሙት ሆና የታወቀችን ሴት ሙሽራ ሆና ማን ሊያያት! በመንገድ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይሰበስቡ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሊያገባት አማላጅ ልኮ ነበር፤ እናቱ «ለመሆኑ ጎተራችንን ስታየው ምን ይሰማታል?» ብላ አፈረሰችው። ማሳኖ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር፤ በኋላ በኋላ ግን የምታወራለት ሰው አጣች።

እዚያ ስቱዲዮ አንድ ደንብ አለ። አዲስ የኦሺኖ ፊልም ሊጀመር ሲል ከዳይሬክተሩ እስከ መብራት ያዡ ሁሉም መቃብሩ ላይ መጥቶ ይሰግዳል። የቀድሞዋ ኦሺኖ በሕይወት ካለች ደግሞ አዲሷን ልጅ እጇን ይዛ ታቀርባትና «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ነች» ብላ ታስረክባታለች። ይህ ካልተደረገ መብራት ይወድቃል፣ ሰው ይሰበራል ይባላል። ማሳኖ ስትጠብቅ የከረመችው ይህችን ጥሪ ነበር። በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሴቶቹ ጀርባቸውን እየፈተጉ «ኦሺኖ በቀለም ልትሠራ ነው አሉ፤ ደሟ ሳይቀር ቀይ!» ሲሉ ከሰማች ጀምሮ ጥቁሯን ኪሞኖ አውጥታ አናፈሰች፤ አንገትጌዋን ለወጠች። በር ሲንኳኳ ዘላ ላለመክፈት፣ እስከ አምስት ቆጥራ ለመነሳት ራሷን አስለመደች፤ ስትጠብቅ የኖረች እንዳይመስልባት። የተንኳኳው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ፣ አንዱ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ።

የፈለገችው አንዲት ነገር ነበረች፤ አንድ ሰው መጥቶ «አንቺ እኮ ኦሺኖ ነበርሽ» እንዲላት። የድሮ ቤቷ ፈርሶ ስትለቅ ግን አዲሱን አድራሻዋን ለስቱዲዮው አልነገረችም። «ከፈለጉኝ ይፈልጉኝ፤ ምን ቆርጦኝ ደጅ እጠናለሁ» አለች። ትዕቢት በሉት። ቀረጻው ያለሷ መጀመሩን ስትሰማ ነው ደሟ ፈልቶ፣ ለኦሺኖ ልክሰሳቸው ብላ በዚያ ማክሰኞ ዳገቱን የወጣችው።

የካህኑ ሚስት መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። ወጣት ነች፤ ማሳኖን አታውቃትም።

«ዘመድ ነዎት እንዴ?»

ማሳኖ ሳንቃውን ደግማ አየችው። «የሩቅ» አለች።

«ነፍስ ይማር። ባለፈው ወር የፊልም ሰዎች ናቸው ያስተከሉት። ሦስት ደብዳቤ ጽፈንላት ሦስቱም ተመለሰ አሉ። በሕይወት ያለች ኦሺኖ ደግሞ ከዚህ መቃብር ቀርታ አታውቅም፤ ቀረች ማለት ሞታለች ማለት ነው ብለው ባለቤቴን ጸሎት አስደረጉላት።»

«አይ ሞኞች! ሰው ቤት ሊለቅ ይችላል አይሉም?»

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ጸሎቱ ረጅም ነበር?»

«ኧረ በደንቡ ነው የተደረገላት።»

«አልተሰማኝም» አለች ማሳኖ። ሴትየዋ ቀልድ መሆኑ አልገባትምና መጥረግ ጀመረች።

ይኼኔ ነው ማሳኖ ከሳንቃው ሥር ያለችውን ትንሽ ብልቃጥ ያየችው። ከብልቃጧ ጎን በወረቀት የተጠቀለለ ጥጥ አለ። ክዳኗን ከፍታ አሸተተች፤ የካሜልያ ፍሬ ዘይት ነው። ያንን ድፍን ነጭ የሙት ቀለም ከማሳኖ ፊት ያለዚህ ዘይት የሚያስለቅቀው አልነበረም፤ ሳሙና ቆዳዋን ይልጠዋል። ይህን በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ይሄን ማን ነው የሚያስቀምጠው?»

«አዪ፣ አንድ ሽማግሌ አሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የሚመጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የልጃቸው ሚስት ከዳገቱ ሥር ታደርሳቸውና በዱላ እየዳበሱ ይወጣሉ። ዛሬም አይቀሩም፤ ሰዓታቸው ደርሷል።»

ኢሳኩ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ሜካፕ ሠሪ ይሉታል፤ እሱ ራሱን «ፊት ሠሪ» ነው የሚለው። ሦስቱንም ጊዜ የማሳኖን ፊት ሙት ያደረገው እሱ ነው። በሦስተኛው ፊልም አርባ ሰባት ዓመት ሆኗት፣ ዳይሬክተሩ «ሙቷ አርጅታብናለች፤ ወጣት ይፈለግ» ሲል ኢሳኩ ቡሩሹን አስቀምጦ «የሞተ ሰው አያረጅም፤ ለኔ ተዉልኝ» አለ። በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ሰዓት እየፈጀ እያንዳንዷን መስመር በሩዝ ሊጥ ደፈናት። ያን ሁሉ ጊዜ አፉ «ቀና ይበሉ»፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ከማለት አልፎ አያውቅም፤ ባለትዳር ሰው ነበር፣ ሥራውን የሚያከብር። የመጨረሻው ቀን ግን ቀለሙን ሊያስለቅቅላት ተቀምጦ አንድ ሙሉ ሰዓት ፈጀ። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ እሱ ግን ይጠርጋል። እሷም ጨርስ አላለችውም። ከዚያ እጅ ነስቶ፣ ሣጥኑን ዘግቶ ሄደ። ይኸው ነው።

ማሳኖ ከቤተ መቅደሱ ደወል ምሰሶ ኋላ ተሸሸገች። ለምን እንደተሸሸገች ቢጠይቋት አታውቅም።

ሽማግሌው እየዳበሰ መጣ። ድንጋዩን በመዳፉ ነካ፣ ሳንቃዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ተቀመጠ።

«ማሳኖ፣ እንዴት አደርሽ?»

ማሳኖ ምሰሶውን ያዘች። ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ከ«እርስዎ» ወርዶ አያውቅም። አንቺ ለመባል መሞት ነበረባት።

«ወሬ ይዤልሻለሁ» አለ ኢሳኩ። «አዲሷን ልጅ የጎማ ፊት አልብሰዋታል። ጎማ! ሲያሻቸው ያጠልቁላታል፣ ሲያሻቸው ያወልቁላታል፤ እንደ ካልሲ። ደሙም የቲማቲም ድልህ ይመስላል አሉ፤ እኔማ በየት ዓይኔ አይቼው። አንድ ደስ የሚልሽ ነገር ግን አለ። መጨረሻውን ለውጠውታል። ኦሺኖ ባሏን በእግሩ ጎትታ እዚያው ጎተራ ትከተዋለች። ያኔ ይቅር በይው ሲሉሽ ስንት ቀን ነበር እህል አልቀምስ ያልሽው?»

«ሦስት» አለች ማሳኖ በሆዷ።

«ሦስት ቀን ነው መሰለኝ» አለ ኢሳኩ። ብልቃጧን አንስቶ ነቀነቃትና፣ ሙሉ መሆኗን ሲያውቅ መልሶ አስቀመጣት። «ቤትሽን አውቀው ነበር እኮ። በትራም ስድስት ፌርማታ ነው። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ሁለት ጊዜ መጥቼ ከማቆሚያው ተመለስኩ። ምን ልበል? ፊትሽን ልሥራው ልበል? ፊልም የለ፣ ምን የለ። አሁን ይኸው፣ ዓይኔ ጠፍቶ፣ ጉልበቴ ዝሎ፣ በየሳምንቱ ዳገት እወጣልሻለሁ። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም የሚባለው እውነት ነው። ፈሪ ነኝ፣ ማሳኖ። ዕድሜውን ሙሉ ሙት ሲሠራ የኖረ ሰው የሚፈራው በቁም ያለን ነው።»

ማሳኖ «አለሁ እኮ፣ አንተ ቂል!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን መልሳ ገጠመችው። ብትወጣስ? ይህ ሁሉ ንግግር ለሙት ነው። በሕይወት ያለች ማሳኖን ሲያገኝ ያፍራል፣ እጅ ይነሳል፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ማክሰኞም ከዚያ ወዲያ የለም። በዚህች ምድር ላይ የሚወዳትን አንድ ሰው ያገኘችው ሞታ ነው፤ ከተነሳች ታጣዋለች። እሱ ዳገቱን ወርዶ እስኪጨርስ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቆመች፤ ከዚያ ቤቷ ገብታ ጥቁር ኪሞኖዋን ሳታወልቅ አለቀሰች።

ያን ሳምንት ቤቷ ባዶ መሆኑ ከወትሮው ይልቅ ተሰማት። ድሮ ዝምታውን ለምዳው ነበር፤ አሁን ግን ሩዟን እያጠበች ሳለ ድንገት «ጎማ! እስቲ አሁን ጎማ ምን ይሉታል?» ትላለች፤ ማንም አይመልስላትም። ሁለት ጽዋ ሻይ ቀድታ አንዱን አፈሰሰችው። ለስቱዲዮው «አልሞትኩም» ብላ ደብዳቤ ጀመረችና ቀደደችው። ስሟ ከሳንቃው ቢፋቅ ኢሳኩ ለማን ይመጣል?

በሁለተኛው ማክሰኞ ካህኑ ደጅ ሳይከፍት ነው የደረሰችው። ኢሳኩ ያን ቀን የምራቱን ሾርባ ሲያማ ዋለ። «ጨው በጨው! ባሕር ብጠጣ ይሻለኛል። ደግሞ አባባ ይጣፍጣል ወይ ትለኛለች፤ ምን እላታለሁ፣ ይጣፍጣል እላለሁ። አንቺ ግን ዘይት እንደማልወድ እያወቅሽ ያን የተጠበሰ ዓሣ ሣጥኔ ላይ ታስቀምጪልኝ ነበር። ከነዘይቱ ነው የምበላው የነበረ፤ አላወቅሽም አይደል?» ማሳኖ አፏን በእጅጌዋ ይዛ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ። በልቶታል ለካ! ለውሻ የሰጠው ነበር የሚመስላት።

በሦስተኛው ማክሰኞ ዝናብ ሲያካፋ መጣ። ብልቃጥ ሳይሆን ትልቅ ጠርሙስ ይዟል። ከሳንቃው ሥር አስቀመጠውና ክዳኑን ደጋግሞ አጠበቀ። የጠርሙሱ ትልቅነት ማሳኖን ደስ አላላትም።

«ይሄ እንዲበቃሽ ነው» አለ በመጨረሻ። «ልጄን በሥራ ወደ ሰሜን፣ ወደ በረዶው አገር ቀይረውታል። ሐሙስ እንሄዳለን። ሁለት ቀንና ሌሊት በባቡር ነው አሉ። ከዚያ ተመልሼ የምመጣ ሰው አይደለሁም፣ ማሳኖ። የዛሬው የመጨረሻችን ነው።» ኮቱን አራገፈ፤ ዱላውን ፈልጎ ጨበጠ። «ምናለ አንድ ቀን ከዚያ ማቆሚያ ወርጄ በርሽን ባንኳኳ ኖሮ።»

በርሽን ባንኳኳ ኖሮ! እስከ አምስት ቆጥራ ለመነሳት የተለማመደችው ማን ሆነና። ማሳኖ አንድ ብላ ጀመረች፤ ሁለት ሳትል ከምሰሶው ኋላ ወጣች። ቢያፍር ይፈር፣ ቢሄድ ይሂድ፤ ለሳንቃ ተሰናብቶማ አይሄድም። የእንጨት ጫማዋ እርጥቡን ጠጠር አንኳኳ።

ኢሳኩ ዞረ። «ማነው?»

ማሳኖ ቀረብ ስትል እሱ አየሩን አሸተተ፤ ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ።

«መጣሽ እንዴ?» አለ። «ያቺን ጥቁር ኪሞኖ ነው የለበስሽው፤ ናፍታሊኗን አውቃታለሁ። ልትሸኚኝ ነው?»

«አትፈራኝም?» አለች ማሳኖ። ድምጿ የወጣው ሻክሮ ነው፤ ከሰው ጋር ካወራች ቆይታለች።

«ምኑን እፈራሻለሁ? እኔው ነኝ እኮ የሠራሁሽ።» ከልቡ ሳቀ። «ደግሞ ድምፅሽ ከበፊቱ ያስፈራል፤ ጎበዝ። እስቲ ቀረብ በይ። ከእንግዲህ ማን እንደሚሠራሽ አላውቅም፤ አንዴ ልይሽና ልሂድ።»

ዱላውን ብብቱ ሥር አጣብቆ ሁለት እጁን ዘረጋ። ማሳኖ እንደ ድሮው ቀና አለች፤ እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቹ ከግንባሯ ጀመሩ። «አዎ፣ ይቺ ነች» አለ፤ «ይቺ በቀኝ በኩል ያለች ጎድጓዳ፤ ስንት ሊጥ ፈጅታብኛለች።» ወደ ዓይኗ ጥግ ወረደ። እዚያ ላይ ቆመ። ተመልሶ ሄደበት። ወደ ጉንጯ ወረደ፣ ከከንፈሯ ጫፍ እስከ አገጯ ያለውን ስንጥቅ በአውራ ጣቱ ተከተለው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ይሄን እኔ አልሠራሁትም» አለ።

«አልሠራኸውም።»

«ይሄንንም።»

«እሱንም።»

ዱላው ከብብቱ ሾልኮ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። የሷ ቆዳ ሞቃት እንደሆነ፣ ከዓይኗ የሚወርደውም የዝናቡ ውኃ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቀ።

«የሞተ ሰው አያረጅም» አለ ቀስ ብሎ።

«አያረጅም።»

«ታዲያ… ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ሠራው?»

«ብቻዬን ነው የሠራሁት፣ ኢሳኩ» አለች ማሳኖ። «አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።»

ከዳገቱ ሥር የምራቱ ድምፅ መጣ፤ «አባባ! ትራሙ ደረሰ፣ ይውረዱ!» እያለች ትጣራለች። ደጋግማ ተጣራች። እሱ እጁን ከፊቷ ላይ አላነሳም፤ እሷም ጨርስ አላለችውም።